ዊንዶውስ ወይስ ሊኑክስ? ከክርክሩ በፊት የፊደላችን ቁልፍ የት እንዳለ እንወቅ

ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ለሁሉም ይሰጥ የነበረውን ነጻ የደኅንነት ጥገና አቆመ። ኮምፒውተሮቹ በዚያ ቀን አልጠፉም፤ ማታ እንደተዘጉ ጠዋት ተከፈቱ። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ አዲስ ቀዳዳ ሲገኝባቸው የሚደፍንላቸው የለም። ለአንድ ዓመት ያህል ተመዝግቦ ማራዘም ይቻላል፤ እሱም ቢሆን ኢንተርኔትና የማይክሮሶፍት አካውንት ላለው ነው።

እንግዲህ ላስታ ደጋ ላይ፣ ኩልመስክ ውስጥ አንድ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት እናስብ። አንድ ያረጀ ዴስክቶፕ፣ አንድ ፕሪንተር፣ የማመልከቻ፣ የውልና የውክልና ጽሑፍ የታጨቀበት አንድ ሃርድ ዲስክ አለው። ዊንዶውስ 11 ለመጫን ማሽኑ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ክፍልና በአብዛኛው ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተሠራ ፕሮሰሰር ይፈልጋል። አሮጌው ዴስክቶፕ ይህን አያሟላም። ባለቤቱ ያለው ምርጫ ሦስት ነው፤ ጥገና በሌለው ዊንዶውስ መቀጠል፣ አዲስ ማሽን መግዛት፣ ወይም ያለውን ማሽን ወደ ሊኑክስ መቀየር።

«ሊኑክስ ጫንበትና ተገላገል፤ ነጻ ነው፣ የፍላሽ ቫይረስም አይነካውም» ይላል አንዱ። «ፓወር ግዕዝ የማይሠራበትን ኮምፒውተር ምን ላደርገው ነው?» ይላል ሌላው። ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘዋል። ክርክሩ አዲስ ይመስላል እንጂ ሥሩ አርባ ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል። ያን ታሪክ ያላየ ሰው ዊንዶውስንም ሊኑክስንም ቢመርጥ ሊሳሳት ይችላል።

▪️ ቁልፍ የማያስፈልገው ፊደል

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። በንጉሥ ላሊበላ ዘመን፣ በ12ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያና በ13ኛው መጀመሪያ፣ የመሬት ስጦታ በወንጌል መጻሕፍት ባዶ ገጾች ላይ ይመዘገብ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ወንጌሉን ማንም አይጥለውም፤ አብሮት ያለው የርስት ማስረጃም አይጠፋም። ዛሬ ከስምንት መቶ ዓመት በኋላ ግዕዝ የሚያውቅ ሰው ብራናውን ገልጦ ያነበዋል። የጸሐፊውን ብዕር ወይም የቀለሙን አዘገጃጀት ማወቅ አይጠበቅበትም።

ፊደላችን ማሽን ውስጥ ሲገባ ግን ነገሩ ተለወጠ። በ1513 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ መዝሙረ ዳዊት በግዕዝ ሲታተም ለእያንዳንዱ ፊደል የእርሳስ ቅርጽ ማዘጋጀት ይቻል ነበር። የጽሕፈት መኪና ሲመጣ ግን ለላቲን 26 ፊደላት የተሠራው የቁልፍ ሰሌዳ ለግዕዝ ጠበበ። በአማርኛ የጽሕፈት መኪና ታሪክ ስማቸው የሚነሣው ኢንጂነር አያና ብሩ መፍትሔ የፈለጉት ፊደሉን ከቁርጥራጭ በመገጣጠም ነበር። የፊደሉ መልክ ለማሽኑ ተገዛ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ጥያቄው ያው ነው፤ ማሽኑ ለፊደሉ ይመቻቻል ወይስ ፊደሉ ለማሽኑ?

▪️ ሁሉም የየራሱን ቁልፍ ሠራ

በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የግል ኮምፒውተር ሲስፋፋ አሜሪካ ይኖሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያን አማርኛን በዶስ ላይ ለመጻፍ ተነሡ። ፍስሐ አጥላውና ዶክተር አበራ ሞላ ከቀዳሚዎቹ መካከል ይጠቀሳሉ። ሥራው ቀላል አልነበረም። የዚያን ጊዜ ኮምፒውተር ለአንድ የፊደል ሠንጠረዥ የሚሰጠው ቦታ 256 ብቻ ነበር፤ ገሚሱ በላቲን ፊደላትና በማሽኑ ትእዛዞች ተይዟል። 33ቱ የፊደል ቤቶች በሰባት ድምፅ ሲባዙ ደግሞ 231 ይሆናሉ። ዲቃላዎቹ፣ ቁጥሮቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ገና አልተቆጠሩም።

ስለዚህ አንዱ ፊደሉን ለሁለት ፎንት ከፈለው፤ ሌላው እንደ ጽሕፈት መኪናው ከቁርጥራጭ ገጣጠመው። ሁሉም አማርኛን በላቲን ፊደላት ወንበር ላይ አስቀመጡት። ማሽኑ በውስጡ የሚያውቀው «a» ወይም «#» ነው፤ ፎንቱ ብቻ ነው በላዩ ላይ «አ» ብሎ የሚሥለው። ከዚህም የባሰው እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱን ሠንጠረዥ መከተሉ ነበር። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ ሌላው ዘንድ ሲደርስ የተበተነ የላቲን ምልክት ይሆናል። በ1990ዎቹ ኢሜይል ሲመጣ ችግሩ ገሃድ ወጣ፤ ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ ሴራ የተባለውን ሥርዓት ያዘጋጁት አማርኛን በላቲን ፊደል ሳይዛባ ለመላላክ ነው።

የቀድሞዎቹ የፓወር ግዕዝና የቪዥዋል ግዕዝ ሥሪቶች ያደጉት በዚህ ዘመን አስተሳሰብ ነው። ውለታቸው መካድ የለበትም። የአገሪቱን ቢሮዎች ከጽሕፈት መኪና ወደ ኮምፒውተር ያሻገሩት እነሱና መሰሎቻቸው ናቸው። ነገር ግን አብረው አንድ ዕዳ ጥለው አልፈዋል። በእነሱ የተጻፈው ሰነድ የሚነበበው ያ ፎንት እስካለ ድረስ ብቻ ነው።

▪️ «ሀ» ቁጥር አገኘች

ዩኒኮድ የዓለምን ፊደላት ሁሉ በአንድ ሠንጠረዥ ለማስፈር የተነሣ ስምምነት ነው። በመስከረም 1999 እ.ኤ.አ. የወጣው 3.0 እትም 345 የኢትዮጵያ ፊደላትና ምልክቶችን አካተተ። በዚያን ቀን «ሀ» ከላቲን ወንበር ተነሥታ የራሷን ቁጥር አገኘች፤ 4608። ይህ ቁጥር በዊንዶውስም፣ በማክም፣ በሊኑክስም፣ በስልክም አንድ ነው።

ቀጥሎ ማሽኖቹ ተራ በተራ ፊደሉን ተቀበሉ። በሊኑክስ በኩል ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን በጎ ፈቃደኞች የሊኑክስ ገጽታ የሆነውን ግኖምን ወደ አማርኛ መልሰዋል፤ የኢትዮጵያን የቋንቋና የቀን ልማድም አስገብተዋል። በዊንዶውስ በኩል በጥር 2007 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበው ቪስታ ኒያላ የተባለ ፎንትና የአማርኛ ቁልፍ ሰሌዳ ይዞ መጣ፤ ለኢትዮጵያ ሚሌኒየም ወራት ሲቀሩ ማለት ነው።

እንግዲህ ከዚያ ወዲህ በአማርኛ ለመጻፍ ዊንዶውስ ግዴታ አልነበረም። «ሊኑክስ ለእኛ አይሆንም» የሚል ሰው ይህን ጽሑፍ በአንድሮይድ ስልክ እያነበበ ከሆነ፣ እጁ ላይ ያለው ስልክ የሚሠራው በሊኑክስ ከርነል ላይ ነው። ቴሌግራም ላይ አማርኛ ሳይበተን የሚደርሰው ደግሞ በዩኒኮድ ምክንያት ነው። ሽግግሩን ስልካችን ላይ ከጨረስነው ቆይተናል፤ የቀረን ቢሮው ጠረጴዛ ላይ ያለው ማሽን ነው።

▪️ ታዲያ ቢሮው ለምን ቀረ?

አንደኛው ምክንያት ጣት ነው። በፓወር ግዕዝ የቁልፍ አቀማመጥ አሥር ዓመት የጻፈች ጸሐፊ ሰሌዳውን ሳታይ ትጽፋለች። በሌላ ሰሌዳ ጻፊ ማለት እንደ ጀማሪ ከ«ሀ ሁ» ተነሺ ማለት ነው።

ሁለተኛው ሌሎቹ ፕሮግራሞች ናቸው። በየኮሌጁ የሒሳብ ተማሪ የሚሠለጥንበት፣ በየድርጅቱም መዝገብ የሚያዝበት ፒችትሪ ለዊንዶውስ የተሠራ ነው። መሐንዲሶቹ ያለ አውቶካድ አይንቀሳቀሱም። እነዚህን የሚጠቀም ቢሮ ሊኑክስ ጫን ሲባል ቢያመነታ ስንፍና አይደለም።

ሦስተኛው በግልጽ የማይነገረው ነው። በሌላው ዓለም የሊኑክስ ትልቁ መሳቢያ ነጻ መሆኑ ነው። እኛ ዘንድ ግን ዊንዶውስም በተግባር ነጻ ነበር፤ በፍላሽ ይመጣል፣ በክራክ ይከፈታል። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለኮምፒውተር ፕሮግራም ጥበቃ ከሰጠ ሁለት አሥርት ዓመታት ቢያልፉም ልማዱ አልተለወጠም። ኢትዮጵያ ልትቀላቀለው ለዓመታት ስትደራደርበት የቆየችው የዓለም ንግድ ድርጅት ደግሞ ለአባላቱ ይህን መብት ማስከበር ግዴታ ያደርገዋል። ዛሬ በነጻ የሚመስለው ነገር ነገ ሒሳብ ሊጠየቅበት ይችላል።

ደግሞስ መቼ ነጻ ሆኖ ያውቃል? ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ ብዙ ጊዜ ጥገናው እንዲቋረጥ ተደርጎ የሚጫን ነው። በግንቦት 2017 እ.ኤ.አ. ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ከ150 በሚበልጡ አገሮች ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒውተሮችን ፋይል ቆልፎ ገንዘብ ሲጠይቅ፣ ማይክሮሶፍት መድኃኒቱን ካወጣ ሁለት ወር ሆኖት ነበር። የተጠቁት ያን ጥገና ያልጫኑ ማሽኖች ናቸው።

▪️ ላስታ ላይ ጥያቄው ይከብዳል

ሐምሌ 29 ቀን 2013 ዓ.ም. ላሊበላ በጦርነቱ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ወደቀች። በዚያ ጦርነት በሰሜን ወሎ መብራትና ስልክ ለረጅም ጊዜ ተቋርጧል፤ መሥሪያ ቤቶች፣ ጤና ተቋማትና ትምህርት ቤቶች ተዘርፈዋል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በኋላ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ቆይቷል።

እንዲህ ባለ አገር «የትኛው ሲስተም ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ የትኛው ያምራል ማለት አይደለም። መብራት ሲመጣ ምን ይነሣል? ኢንተርኔት ሳይኖር ምን ይጫናል? ማሽኑ ቢዘረፍ ምን ይተርፋል? ነው ጥያቄው። ዊንዶውስ 11 በመደበኛ መንገድ ሲጫን ኢንተርኔትና አካውንት ይጠይቃል። ሊኑክስ ሚንት ወይም ኡቡንቱ አንድ ጊዜ በፍላሽ ከተያዘ፣ የቢሮ ፕሮግራሙን ሊብረኦፊስን ጭምር ይዞ፣ ያለ ኢንተርኔት በመቶ ማሽን ላይ በሕጋዊ መንገድ ይጫናል። ተጨማሪ ፕሮግራም ሲፈለግ ግን እሱም ኢንተርኔት ይላል። ለዊንዶውስ የተጻፈው የሾርትከት ቫይረስ ሊኑክስ ላይ አይሠራም፤ ያ ማለት ግን ሊኑክስ ጨርሶ አይጠቃም ማለት አይደለም።

ከሁሉ የሚከብደው ሦስተኛው ጥያቄ ነው። ማሽኑ ሄዶ ፍላሹ ተረፈ እንበል። በፍላሹ ላይ ያለው የመሬት ውል በድሮ ፎንት የተጻፈ ከሆነና ያ ፎንት የተጫነበት ማሽን ካልተገኘ፣ ሰነዱ በእጅ ተይዞ አይነበብም። ብራናው በስምንት መቶ ዓመት ያልደረሰበት ዕጣ በሃያ ዓመት ፋይል ላይ ደረሰ ማለት ነው።

▪️ ቀድመው የሄዱት ምን አገኙ?

የጀርመኗ ሙኒክ ከተማ በ2003 እ.ኤ.አ. ከዊንዶውስ ወደ ሊኑክስ ለመዞር ወሰነች። አሥር ዓመት ፈጅቶባት ወደ 15 ሺህ የሚጠጉ ኮምፒውተሮችን አሻገረች። በ2017 ደግሞ ምክር ቤቱ ወደ ዊንዶውስ ለመመለስ ወሰነ። ፖለቲካ ነበረበት፤ ነገር ግን ከውጭ መሥሪያ ቤቶች ጋር ሰነድ ሲለዋወጡ የሚገጥም መዛባትና የሠራተኛው ቅሬታም ነበሩበት። ሲስተሙን መለወጥ ቀላሉ ክፍል ሆነ፤ ሰነዱንና ሰውን ማሻገር ግን ከበደ።

የሕንዷ ኬረላ ግዛት በሌላ በር ገባች። የሕዝብ ትምህርት ቤቶቿን ወደ ነጻ ሶፍትዌር ስታዞር መጀመሪያ መምህራኑን አሠለጠነች፤ የራሷ ፊደል ያለው የማላያላም ቋንቋም በሲስተሙ ላይ በደንብ እንዲሠራ ተደረገ። ሽግግሩ ጸንቶ ቆየ። በ2024 እ.ኤ.አ. የጀርመኗ ሽሌስቪሽ ሆልሽታይን ግዛት 30 ሺህ ኮምፒውተሮቿን ለማዞር ስትነሣ በቢሮ ፕሮግራሙና በሰነዱ ዓይነት የጀመረችው፣ ሊኑክስን ወደ ኋላ ያስቀመጠችው ይህ ትምህርት ገብቷት ይመስላል።

▪️ ስለዚህ

የሽግግሩ ቅደም ተከተል ተገልብጦብን ቆይቷል። «ሊኑክስ እንጫን?» ከማለት በፊት «ሰነዳችን ከዊንዶውስ ውጪ ይነበባል?» ማለት ይቀድማል። መልሱ «አይነበብም» ከሆነ ባለቤቱ ገና ምርጫ የለውም፤ የሚወስንለት የድሮ ፎንት ነው።

መጀመሪያ በዚያው በዊንዶውስ ላይ እያሉ በዩኒኮድ መጻፍ መጀመር። ፓወር ግዕዝም ዩኒኮድ የሚጽፍበት መንገድ አለው። ቀጥሎ የድሮውን ሰነድ፣ ከውልና ከመሬት ማስረጃ ጀምሮ፣ በመቀየሪያ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ ማዞርና ስምና ቁጥሩን በዓይን ማመሳከር። ከዚያ ሊብረኦፊስን በዚያው ዊንዶውስ ላይ መልመድ። ከዚህ ሁሉ በኋላ አንዱን አሮጌ ማሽን፣ ፒችትሪ የሌለበትን፣ ወደ ሊኑክስ መቀየርና ሁለት ሦስት ወር ማየት። ፒችትሪ ያለበት ማሽን ባለበት ይቆይ፤ ከኢንተርኔት ይራቅ፣ ፍላሽ አይለዋወጥበት።

ይህን የሠራ ጽሕፈት ቤት በመጨረሻ ዊንዶውስ ላይ ለመቆየት ቢወስንም አልከሰረም፤ ከእንግዲህ የሚቆየው ወድዶ እንጂ ተይዞ አይደለም። ይህን ሳይሠራ በስሜት ፎርማት አድርጎ ሊኑክስ የጫነ ደግሞ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይሆንበታል። የፈሰሰው የሰው የርስት ማስረጃ ከሆነ ደግሞ ሁሉም ላይለቀም ይችላል።

የላስታ አባቶች ማስረጃቸውን ያኖሩት ማንም በማይጥለው፣ ማንም ሊያነበው በሚችለው ወንጌል ውስጥ ነበር። የዛሬው ጸሐፊ የከተማውን ሰው ውል ያኖረበት ፋይል ከሃያ ዓመት በኋላ ማን ይከፍተዋል?