ማርሻል ኦጋርኮቭ አስቀድመው ያዩት ጦርነት

እ.ኤ.አ. ሜይ 9 ቀን 1984 ሶቪየት ኅብረት በናዚ ጀርመን ላይ የተቀዳጀችውን ድል 39ኛ ዓመት ስታከብር፣ የሠራዊቱ ጋዜጣ «ክራስናያ ዝቬዝዳ» ከጠቅላይ ኤታማዦር ሹሙ ከማርሻል ኒኮላይ ኦጋርኮቭ ጋር ያደረገውን ቃለ መጠይቅ ይዞ ወጣ። ማርሻሉ የኑክሌር ክምችቱ ከልክ አልፏል፣ ቀድሞ የተኮሰም ከአጸፋው አያመልጥም አሉ። ይልቁንም ኢላማ የማይስቱ መደበኛ መሣሪያዎች፣ ክሩዝ ሚሳይሎችና ሰው አልባ አውሮፕላኖች የማውደም አቅማቸው ወደ ኑክሌሩ እየተጠጋ መሆኑን አስጠነቀቁ።

ኦጋርኮቭ በሙያቸው መሐንዲስ ነበሩ፤ አስተሳሰባቸውም ይህንኑ ይመሰክራል። በድሮው አሠራር ቃኚው የጠላትን ታንክ ያያል፣ ለአዛዡ ያስተላልፋል፣ አዛዡ ይመክራል፤ ትእዛዙ መድፈኛው ዘንድ እስኪደርስ ታንኩ ስፍራውን ለቅቆ ሄዷል። የሶቪየት የጦር ሊቃውንት «የቅኝትና የድብደባ ሥርዓት» ያሉት ራዳሩን፣ ኮምፒውተሩንና ሚሳይሉን አስተሳስሮ ያንን ጊዜ ወደ ደቂቃዎች የሚያሳጥር ነበር። ጁን 1982 እስራኤል በሊባኖስ የበቃ ሸለቆ ያደረገችው የዚህ ማሳያ ሆነ። ሰው አልባ አውሮፕላኖች ልካ የሶሪያ ራዳሮች እንዲበሩ ካደረገች በኋላ፣ ሶቪየት ሠራሽ ከሆኑት የፀረ አውሮፕላን ሚሳይል ምድቦች አብዛኞቹን በአንድ ቀን ደመሰሰች።

ሐሳቡ ሞስኮ ውስጥ ጎልምሶ ነበር፤ የጎደለው ፋብሪካው ነው። አሜሪካዊው ጋዜጠኛ ሌስሊ ጌልብ በኋላ እንደጻፈው፣ ኦጋርኮቭ በ1983 ሲያነጋግሩት የአሜሪካ ሕፃናት በኮምፒውተር ሲጫወቱ የሶቪየት መከላከያ ሚኒስቴር ግን ለየቢሮው እንኳ እንዳላዳረሰ ነግረውታል። ከኢኮኖሚ አብዮት በፊት አሜሪካ ላይ መድረስ እንደማይቻልም አልሸሸጉም። ለአዲስ መሣሪያ በጀት እንዲጨመር መወትወታቸው አለቆቻቸውን አላስደሰተም፤ ሴፕቴምበር 1984 ከሹመታቸው ተነሡ። ከእሳቸው በፊት የታንክ፣ የአውሮፕላንና የፓራሹት ጦርን አቀናጅቶ የጠላትን ጀርባ መምታትን ያስተማሩት ማርሻል ቱካቼቭስኪ በ1937 በስታሊን ትእዛዝ ተረሽነዋል። ሩቅ የሚያዩ መኮንኖችን ያፈራው ሥርዓት ራሱ ሲገፋቸው ማየት ያሳዝናል።

ኦጋርኮቭ የፈሩት በ1991 ኢራቅ ላይ ታየ። በሶቪየት ታንኮች የታጠቀው ሠራዊት በአየር ድብደባ ደቅቆ፣ የምድር ውጊያው በ100 ሰዓት አለቀ። የሶቪየቶችን ጽሑፍ ለዓመታት ሲከታተል የኖረው የፔንታጎኑ ተንታኝ አንድሩ ማርሻልም ሐሳቡን ወስዶ ለአሜሪካ ጦር አዳበረው።

ዛሬ ዩክሬን ውስጥ የሩሲያው ኦርላን 10 ድሮን ኢላማ ፈልጎ ለመድፈኛው ያመለክታል። ተመትተው የወደቁት ሲፈቱ ግን የጃፓን ካሜራና የአሜሪካ ቺፕ ተገኝቶባቸዋል።