ከፋኝ፣ ሆድ ባሰኝ፣ አንጀቴ ራሰ

በቀድሞው በጌምድር «ከፋኝ» ማለት ስሜትን መናገር ብቻ አልነበረም። ርስቱን የተነጠቀ፣ ዳኛ ያዳላበት፣ ሹም በሰው ፊት ያዋረደው ገበሬ «ከፋኝ» ካለ፣ ቀጥሎ የሚፈራው መሣሪያውን አንሥቶ ቆላ መውረዱ ነው። ዘመዶቹ ይህን ስለሚያውቁ ቃሉ ከአፉ እንደ ወጣ ሽማግሌ ፍለጋ ይሮጣሉ። ሹሙም ብልህ ከሆነ ስንቁ ሳይቋጠር ሰው ይልካል። «ሸፈተ» የሚለው ግስ ራሱ ሁለት ቤት አለው፤ ሰው ጫካ ሲገባ ይሸፍታል፣ ልብም ካለበት ፈቀቅ ሲል ይሸፍታል። የዚሁ አገር ክፍል የሆነውን የደቡብ ጎንደርን ደጋ ታሪክ ከስሜት ቃላቱ ነጥሎ መጻፍ የሚያስቸግረው ለዚህ ነው። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ እንኳ በጎንደር ምድር ጫካ ከገቡ ታጣቂዎች መካከል «ከፋኝ» በሚል ስም የታወቁ ነበሩ።

የበጌምድሯ ደብረ ታቦር የራሶች ከተማ ነበረች። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የየጁው ራስ ጉግሣ ቆረቆሯት፤ በኋላ የልጅ ልጃቸው ራስ አሊ ተቀመጡባት። በእንዲህ ያለ ግቢ ማን ከማን በላይ እንደ ተቀመጠ፣ ለማን የትኛው ብልት እንደ ቀረበለት ሁሉም ያያል፤ ያየውንም አይረሳም። የቋራው ካሳ ኃይሉ የራስ አሊን ልጅ ተዋበችን አግብቶ ወደዚህ ቤት በተጠጋ ጊዜ፣ የራስ አሊ እናት እቴጌ መነን «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ ይንቁት ነበር ይባላል። ሌላም ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ወግ አለ። ካሳ ቆስሎ ተኝቶ ሳለ ለሐኪሙ የሚሰጥ ላም ቢያስጠይቅ እቴጌይቱ የላኩለት ብልት ሥጋ ብቻ ነበር፤ ይህን ያየችው ተዋበችም ውርደቱን ተሸክሞ እንዳይቀር ባሏን አነሣሣችው።

ታሪኩ ውስጥ አራት ቃላት ተራ ይዘው ይመጣሉ። ንቀት ከላይ ይወርዳል። ውርደት ታች ያለው ላይ ያርፋል። ቁጭት የተዋረደው ሰው ብቻውን ሲሆን የሚያንገበግበው ነው፤ ማድረግ ሲገባኝ ሳላደርግ፣ መመለስ ሲገባኝ ሳልመልስ የሚል ነገር አለበት። ከጸጸት የሚለየውም እዚህ ላይ ነው። ጸጸት ወደ ኋላ አይቶ ያለቅሳል፤ ቁጭት ወደ ኋላ አይቶ ወደ ፊት ይነሣል። እልህ ደግሞ ቁጭቱ ተግባር ሲሆን ነው፤ ሞቼም ቢሆን አልሸነፍም ማለት። ካሳ በሰኔ 1845 ዓ.ም. ራስ አሊን አይሻል ላይ ድል አድርጎ፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ተብሎ ሲነግሥ፣ የበጌምድር ሰው ነገሩን በጦር ብልጫ ብቻ አላስረዳም። እልህ አለበት አለ።

የቴዎድሮስ ዘመን ለእነዚህ ቃላት ሌላም ውለታ ውሏል። ከዚያ በፊት የነገሥታቱ ዜና መዋዕል የሚጻፈው በግዕዝ ነበር፤ የንጉሥ ቁጣም ሆነ ኀዘን ከመጽሐፍ በተቀዳ ቃል ይለብሳል። አለቃ ዘነብና አለቃ ወልደ ማርያም ግን የቴዎድሮስን ታሪክ በአማርኛ ጻፉት። ገበሬው በእርሻው፣ እናት በምድጃዋ ዙሪያ የምትናገርበት ቋንቋ የቤተ መንግሥት ታሪክ መጻፊያ ሆነ። ይህ እንዲህ በቀላሉ የሚታለፍ ለውጥ አይደለም።

ንጉሡ በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ አውሮፓውያን ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ ያስቀልጡ ነበር። ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል ከዚያ ወጣ። በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ መድፉን በገደል በአቀበቱ እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ሄዱ፤ መንገዱ ስድስት ወር ገደማ ፈጀ። አገር አጥቶ መድፍ የያዘ ንጉሥ ምን ይሰማዋል? ተስፋ መቁረጥ የሚለው ቃል አይበቃም፤ ተስፋ የቆረጠ ሰው ሰባት ቶን ብረት አያስጎትትም። እልህ የሚለው ቃል ግን ይይዘዋል።

በደጋው አማርኛ ስሜት አድራሻ አለው፤ አድራሻውም ከአንገት በታች ነው። ማንም የአገሬው ሰው በፋሲካ ጧት በግ ሲገፈፍና ሲከፈት ዙሪያውን ቆሞ ያደገ ነው። ጨጓራው የት እንዳለ፣ አንጀቱ እንዴት እንደሚጠቀለል ያውቃል። ሐሞት ከጉበት ላይ ሲነሣ እጅ መጠንቀቅ እንዳለበት፣ ከፈሰሰ ሥጋውን እንደሚያመርረው ገና በልጅነቱ አይቷል። ስለዚህ «ሐሞቱ ፈሰሰ» ሲባል ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ያ ሰው ወኔው አልቋል። ጠላት ፊት ፊቱን የማያዞረው ደግሞ ሐሞተ ኮስታራ ይባላል።

ሆድ ከሁሉ ሰፊ ነው። ሆደ ሰፊ የሚባለው ብዙ ችሎ የሚያሳልፍ ነው፤ ሆደ ባሻ ግን ትንሽ ቃል የምትበቃው፣ ያልተባለውንም እንደ ተባለ የሚሰማ። ሆደ ቡቡ ከሁለቱም ይለያል፤ በራሱ ጉዳይ ሳይሆን በሰው ጉዳይ ዕንባው የሚቀድመው ሰው ነው። «ሆዴ ባባ» እና «ሆድ ባሰኝ» ጎረቤታሞች ይምሰሉ እንጂ አንድ አይደሉም። የሚያባባ ነገር ደግነትም ሊሆን ይችላል፤ ከሩቅ አገር የመጣ ልጅ እናቱን ሲያቅፍ ያየ ሰው ሆዱ ይባባል። ሆድ የሚብሰው ግን የቀረበት ወይም የተነፈገ ነገር ያለ ሲመስለው ነው። «ሆዴን ባር ባር አለው» ደግሞ ምክንያቱ ገና ያልታወቀ ነው፤ አመሻሽ ላይ ብቻዋን የቀረች ሴት ልጇ የዘመተ ከሆነ የምትለው ይህን ነው። ሆድ የቆረጠ ሰው ከእንግዲህ አይጠብቅም። ሊነገር የማይችለው ሁሉ «ሆድ ይፍጀው» ተብሎ እዚያው ይቀመጣል።

አንጀት ከሆድ የጠለቀና የጠበበ ነው፤ ርኅራኄና በቀል ሁለቱም እዚያ አሉ። አንድ ድክ ድክ የሚል ሕፃን «አንጀት ይበላል»፤ እሱን ለመቅጣት የተነሣች እናት «አንጀቴ አልችል አለኝ» ብላ በትሩን ትጥላለች። ያው አንጀት በግፍ ያርራል፤ በዳዩ ሲዋረድ ደግሞ ይርሳል፣ ቅቤ ይጠጣል። እስከ ዕርቁ ቀን ድረስ አንጀትን ማሰር ግድ ነው። ሰው ሆዱን እንደ ዋዛ ሊናገር ይችላል፤ አንጀቱን ግን እንዲሁ አያወጣም።

ቄሶቹና ደብተራዎቹ ስሜትን በሆድ ዕቃ መጥራቱን ከዳዊትም ያገኙታል፤ በመዝሙሩ ልብና ኩላሊት አብረው ይጠራሉ። ሌላው ዓለምም ቢሆን ከዚህ የራቀ አይደለም፤ በኢንዶኔዥያ ቋንቋ የፍቅርና የኀዘን ማደሪያ ጉበት ነው። ስሜት በሰው ላይ እንደሚሠራ ሰዋስውም ይመሰክራል። አማርኛ «ጨነቀኝ፣ ናፈቀኝ፣ ከፋኝ፣ ደስ አለኝ» ሲል ስሜቱ አድራጊ ነው፤ ሰውየው ተደራጊ። የቋንቋ ተመራማሪው መንግሥቱ አምበርብር እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት የአማርኛን የስሜት ቃላት ከሌሎች ቋንቋዎች ጋር አስተያይተው መርምረዋል። አምሳሉ አክሊሉና ዳኛቸው ወርቁም «የአማርኛ ፈሊጦች» በተባለው መጽሐፋቸው በሆድና በአንጀት የሚጀምሩትን ብዙ አባባሎች ሰብስበውልናል። ከእነርሱ በፊት አንቷን ዳባዲ በ1830ዎቹና 40ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በኢትዮጵያ ሲዘዋወር ያጠራቀማቸውን ቃላት በ1881 ፓሪስ ላይ በመዝገበ ቃላት አሳትሟል። በመዝገብ ላይ ያለ ቃል ግን ትርጉሙን እንጂ የሚነገርበትን ሰዓት አይነግርም። ሰዓቱን የሚነግረው ለቅሶ ቤት ነው።

በደቡብ ጎንደር፣ ፋርጣ ወይም እስቴ ውስጥ ሰው ሲሞት መርዶው ሳይነጋ ይነገራል። ሬሳው ከወጣ በኋላ ሰው በደጅ ተሰብስቦ ክብ ይሠራል፤ ሙሾ አውራጇ ትነሣለች። እርሷ ያላወቀችው ዘር፣ ያልሰማችው ገድል የለም። የሟቹን አባት ታነሣለች፣ ያረሰውን ማሳ፣ ያስታረቀውን ጠበኛ፣ ያሳደገውን ወላጅ አልባ ትጠራለች። ቀደም ባለው ዘመን ሟቹ ማዕረግ ያለው ከሆነ ፈረሱ ተጭኖ፣ ጋሻው ተሰቅሎበት በለቀስተኛው መካከል ይመራል፤ ባለቤት የሌለው ኮርቻ ያየ ሰው ቃል አያስፈልገውም። ሙሾ አውራጇ እያንዳንዱን መስመር ስታደርስ ለቀስተኛው ተቀብሎ ይመልሳል። እርሷ ግን ዓይኗን ከሰው ላይ አታነሣም። ያላለቀሰ ወንድም ካየች ወደ እርሱ ዞራ፣ ልጅ ሆነው አብረው የጠበቁትን ከብት ትጠራለታለች፤ ያን ጊዜ ይፈታል። የሙሾ ጥበብ እዚህ ላይ ነው፤ ኀዘን ያለበትን ቦታ ታውቃለች፣ የሚወጣበትንም በር ትከፍታለች።

እዚያ ላይ ቃላቱ በደረጃ ይሄዳሉ። ሰቀቀን መርዶ ሳይመጣ በፊት ያለው ነው። ከመርዶው በኋላ ድንጋጤ፣ ቀጥሎ ለቅሶ። ለቅሶ ይቆማል፤ ኀዘን አይቆምም። ሠልስት አልፎ፣ እዝን የሚያመጡት ጎረቤቶች ሲቀንሱ ትካዜ ይመጣል፤ ትካዜ ድምፅ የለውም። «እግዜር ያጥናችሁ» የሚባለው ለዚያ ለኋለኛው ጊዜ ነው፤ የተመኙት ዕንባው እንዲደርቅ ሳይሆን ሰውየው እንዳይወድቅ ነው።

በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ደግሞ ሌላ ኀዘን አለ፣ በዜማ የተለካ። ጋይንት የዜማ አገር ናት። የድጓ መምህር ለመሆን የሚሻ ሰው የሚመሰክረው ቤተ ልሔም ሲሆን፣ ዝማሬና መዋሥዕት የሚመሰከረው ዙር አምባ ነው። መዋሥዕት ለሙታን መታሰቢያ የሚደርስ ነው። ሊቃውንቱ ሦስቱን የያሬድ ዜማዎች፣ ግዕዝን፣ ዕዝልንና አራራይን፣ በጠባያቸው ይለያሉ፤ አራራይ የሚያራራ ነው ይላሉ። ደብተራው መዋሥዕቱን ሲያደርስ ጮኾ አይወድቅም፣ ፊቱን አይነጭም፤ ድምፁ ራሱን ይገዛል። ቤተ ክርስቲያን ደረት መድቃትንና ፊት መንጨትን ስትቃወም ኖራለች። ይሁን እንጂ ሰው ሁለቱንም ይፈልጋቸው ነበር። ሙሾዋ ሆዱን ታባባዋለች፣ መዋሥዕቱ ደግሞ ያጸናዋል፤ አንዱ ያለ ሌላው የጎደለ ይመስላል። ሴቶቹ ያለ ብራና በጭንቅላታቸው የያዙት እውቀት ከሊቃውንቱ ዓመታት ከሚፈጅ ትምህርት እኩል ባይከበርም፣ ያልተናነሰ ጥልቀት ነበረው።

ወኔም የራሱ ዜማ ነበረው። ሽለላውና ቀረርቶው ያሟሙቃሉ፣ ፉከራው «ዘራፍ!» ብሎ ዘርንና ገድልን ይቆጥራል። በጠላት ወረራ ዘመን የበጌምድር አርበኞች ይህን ይዘው ነው የኖሩት፤ የደብረ ታቦር የጣሊያን ጦር እጁን የሰጠው በሰኔ 1933 ዓ.ም. መጨረሻ ነበር።

ከስሜቶቹ ሁሉ የሚያሰጋው ቂም ነው። ቅያሜ ከምትወደው ሰው ጋር ብቻ የሚኖር ነው፤ ባዕድ አይቀየሙትም። ኩርፊያ በፊት ላይ ስለሚታይ ቶሎ ይፈታል። ቁርሾ ከዕርቅ በኋላ እንኳ የሚቀረው ጥራጊ ነው። ቂም ግን በሆድ ተይዞ ከአባት ለልጅ ይተላለፋል፤ ደም ከፈሰሰ ደም መላሹ ገና ሳይወለድ ስሙ ይጠራል። ሽማግሌዎች ደም ሲያደርቁ ገንዘቡን ብቻ አይመዝኑም። የሟቹ ወገን የሆዱን ሁሉ እስኪያወጣ ድረስ ያናግሩታል፤ ያልወጣ ነገር እንደሚመለስ ያውቃሉና። ይሉኝታም እዚያ ይረዳል፤ «ምን ይሉኛል» ከሚለው የመጣ ቃል ነው፣ ሽማግሌ እግሩ ላይ የወደቀበት ሰው እምቢ ለማለት አቅም ያጣል። ብዙ ሰው ይሉኝታን እንደ ድካም ይቆጥረዋል፤ በጌምድር ውስጥ ግን ስንቱን ነፍስ እንዳተረፈ ማሰብ ይገባል።

ብሶት የሚባለውም በ«ሆድ ባሰኝ» ውስጥ ካየነው ከ«ባሰ» የወጣ ነው። ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. አዲስ አበባን የያዘው ሠራዊት በራዲዮ ራሱን ሲያስተዋውቅ «ብሶት የወለደው» ነኝ አለ። የሆድ ቃል የመንግሥት ለውጥ ማወጃ ሆነ።

ዛሬ ከጉና ተራራ ግርጌ የመጣች ገበሬ ጤና ጣቢያ ስትሄድ ቃላቷ ሌላ ሚዛን ላይ ይወጣሉ። በኢትዮጵያ ጥናቶች በብዛት የሚያገለግለው የዓለም ጤና ድርጅት የሃያ ጥያቄዎች መጠይቅ፣ ሆድ ውስጥ የማይመች ስሜት እንዳለም ይጠይቃል። እርሷ «ሆዴ ይባባል» ብትል፣ ጠያቂው ከተማ ያደገ ወጣት ከሆነ፣ ጨጓራ ብሎ ሊመዘግብ ይችላል። «ጭንቀት» እና «ድባቴ» የሚሉት ሁለት ቃላት በመድኃኒት ቤት ወረቀት ላይ ብዙ ነገር ተሸክመዋል፤ ከሥራቸው ሰቀቀኑ፣ ባር ባር ማለቱ፣ ቁጭቱ ሁሉ ተጨፍልቀዋል። ለመድኃኒቱ የሚያስፈልገው ስም አንድ ሊሆን ይችላል፤ ለመስማት ግን ልዩነቱ ያስፈልጋል። «ሆድሽን ምን አስባሰው?» ብሎ የሚጠይቅ ነርስ የሚያገኘው መልስ «ትጨነቂያለሽ ወይ?» ብሎ ከሚጠይቀው የበለጠ ነው።

በከተማው ሙሾው እየሳሳ ነው፤ እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ለቀስተኛው ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ በሦስተኛው ቀን ይበተናል። ሙሾ አውራጆቹ አርጅተዋል፤ ከእነርሱ የሚማር ልጅም አይታይም። ደብረ ታቦር ዛሬ የራሷ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ ተማሪዎቹም ከፋርጣ፣ ከእስቴ፣ ከጋይንት፣ ከስማዳ ጭምር የመጡ ናቸው። መቅረጫ ይዘው ለክረምት ወደ አያቶቻቸው ቤት ቢመለሱ፣ ሙሾውን ከነዜማው፣ ቃሉን ከሚነገርበት ሰዓት ጋር የሚያስረዷቸው ሴቶች ገና በሕይወት አሉ።