ሁለት ጊዜ የተሰጠው ውሻ

አንድ ወዳጄ ሰሞኑን ውሻውን የሚወስድለት ሰው ፍለጋ ላይ ነው። ግቢ ካለው የኪራይ ቤት ወደ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ገብቷል። ውሻው ደግሞ ሁለት ዓመት ያልሞላው፣ እግሩ መሬት የማይነካ ፍጥረት ነው። ደረጃ ሲወርድ የጎረቤት ባልዲ ይገለብጣል፤ ሲያስሩት ያላዝናል፤ ሲፈቱት ይጠፋል። ታዲያ ውሻውን ሊያዩ የሚመጡት ሰዎች ሁሉ ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ «ይናከሳል?» እስካሁን «ምን ያህል ይሮጣል?» ብሎ የጠየቀው የለም።

እኔም ላጽናናው ብዬ የቶጎን ታሪክ አነሳሁለት። ለእሱ የነገርኩትን ለእናንተም ልንገራችሁ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው አላስካ ውስጥ ኖም በምትባል የወርቅ ፈላጊዎች ከተማ ነው። ሊዮንሃርድ ሴፓላ የሚባል ኖርዌያዊ በ1900 ወርቅ ፍለጋ ወደዚያ ይሄዳል። ወርቁ አልቀናውም፤ ውሾቹ ግን ቀኑት። በዚያ አገር ክረምት ሲገባ መንገድ የለም፣ ባሕሩም ይረጋል፤ ሰውም ዕቃም ደብዳቤም የሚጓዘው ውሾች በሚጎትቱት ስሌድ ነው። ስሌድ ማለት ጎማ የሌለው፣ በረዶ ላይ የሚንሸራተት ጋሪ ነው። ሴፓላ ለአንድ የማዕድን ኩባንያ እየሠራ ከአገሩ የታወቀ የስሌድ ነጂ ሆነ።

በ1913 የኩባንያው ባለቤት ከሳይቤሪያ የመጡ ውሾች ይገዛል። ለራሱ አልነበረም። ታላቁ አሳሽ ሮአልድ አሙንድሰን ወደ ሰሜን ዋልታ ሊሄድ ስላሰበ ለእሱ በስጦታ እንዲሰጡ ነበር። ሴፓላ የታዘዘው እንዲያሠለጥናቸው ብቻ ነው። ሆኖም የአሙንድሰን ጉዞ ተሰረዘና ውሾቹ ባለቤት አጡ። ሴፓላም ወሰዳቸው። እንግዲህ ልብ በሉ፣ የዚህ ታሪክ የመጀመሪያ ገጽ ራሱ «ውሻ የሚወስድ ሰው አለ?» የሚል ነው።

ከእነዚሁ ውሾች አንድ ቡችላ ተወለደ። በጃፓኑ የባሕር ኃይል አዛዥ በአድሚራል ቶጎ ስም «ቶጎ» ተባለ። ስሙ ትልቅ፣ እሱ ግን ትንሽ ነበር። ጉሮሮው አብጦ ይታመም ስለነበር የሴፓላ ሚስት በትኩስ ጨርቅ እየተኮሰች ነው ያዳነችው። ሴፓላ ግን ተስፋ አልጣለበትም። ስሌድ የሚጎትት ውሻ ትከሻው የደነደነ፣ ጠባዩም የታረመ መሆን አለበት። ይኼኛው ቀጫጫ ነው፤ በዚያ ላይ በሽተኛ፤ በዚያ ላይ ደግሞ ረባሽ! እናም ስድስት ወር ገደማ ሲሆነው ለቤት ውሻነት ለአንዲት ሴት ሰጠው።

እስቲ አስቡት። ሞቅ ያለ ቤት፣ የተረፈ ሥጋ፣ ምንጣፍ፣ የምታባብል እመቤት። ውሻ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል? ያኔም ሰው ሁሉ እንዲህ ሳይል አልቀረም። ቶጎ ጥቂት ሳምንታት ታገሠ። ከዚያ አንድ ቀን የተዘጋውን መስኮት መስታወቱን ሰብሮ ወጣና ማይሎች ሮጦ ሴፓላ ደጃፍ ላይ ተገኘ። ሴፓላም መልሶ አልሰጠውም። ይህን ያህል የሚወድ ውሻ መሸኘት የሚችል ልብ አልነበረውም መሰለኝ።

ማስቀረት አንድ ነገር ነው፤ ማኖር ግን ሌላ። ቶጎ ገና ለሥራ ስላልደረሰ ሴፓላ ሌሎቹን ውሾች ይዞ ሲወጣ እሱ ግቢ ይቀራል። አይቀርም እንጂ! እያመለጠ ይከተላል። ከፊት የሚመጣ የሌላ ሰው ስሌድ ሲያይ ዘሎ መሪውን ውሻ ይተናኮላል። አንድ ቀን ሴፓላ ለሩቅ መንገድ ሲነሣ «ይህን ውሻ እንዳትፈቱት» ብሎ አዝዞ ሄደ። ቶጎ ማሰሪያውን በጥሶ፣ አጥሩን ሊዘል ሲል እግሩ በሽቦው ተይዞ ቆስሎ፣ በዚያው በቆሰለ እግሩ ሌሊቱን ተከትሎ ደረሰባቸው። በማግስቱ ሥራ ላይ ያሉትን ውሾች ሲያምስና ሬንዲር (የበረዶ አገር አጋዘን ነው) ወዳለበት እየመራ ሲያስኮበልል ሴፓላ ትዕግሥቱ አለቀ። ሌላ ማስቆሚያ ስላጣ ጠፍሩን አንገቱ ላይ አጠለቀለትና ከስሌዱ አጠገብ፣ ከኋላ፣ ከሌሎቹ ጋር አሰረው።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተገለበጠው። ጠፍሩ አንገቱ ላይ እንደገባ ቶጎ ዝም አለ። ረባሹ ጠፋ። ገመዱን ወጥሮ መጎተት ጀመረ። ሴፓላ ወደ ፊት አንድ ቦታ ቀየረው፤ አሁንም ደህና ነው። ደግሞ ወደ ፊት ቀየረው። ቀኑ ሲመሽ ከመሪው ውሻ ጎን ቆሞ እየመራ ነበር። በዚያች ቀን ብቻ 75 ማይል ሄደዋል፤ 120 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። የስምንት ወር ቡችላ ነው እንግዲህ! ያ ሁሉ ወራት «ጠባየ ብልሹ» ሲባል የኖረው ውሻ የጎደለው ሥራ ነበር። እኔ ወዳጄን ደጋግሜ የነገርኩት ይህችን ቦታ ነው።

ከዚያ በኋላ ቶጎ የሴፓላ መሪ ውሻ ሆኖ ከዐሥር ዓመት በላይ ሠራ።

በጥር 1925 የሆነውን ብዙዎቻችሁ ከፊልም ታውቁት ይሆናል። ኖም ውስጥ ዲፍቴሪያ ገባ፤ ጉሮሮን እየዘጋ ሕፃናትን የሚገድለው በሽታ። በከተማው የነበረው ሐኪም ከርቲስ ዌልች ብቻ ሲሆን በእጁ የነበረው መድኃኒት ጊዜው ያለፈበት ነበር። ባሕሩ ረግቷል፣ መርከብ የለም፤ በአካባቢው የነበሩት አውሮፕላኖች ክፍት ስለሆኑ ለዚያ ብርድ አይሆኑም። 300,000 ዩኒት ሴረም አንኮሬጅ ውስጥ ተገኘና በባቡር እስከ ኔናና መጣ። ከኔናና እስከ ኖም 674 ማይል ነው። ይህን መንገድ 20 ነጂዎችና 150 ያህል ውሾች እየተቀባበሉ በአምስት ቀን ተኩል ጨረሱት። ሴፓላ የስምንት ዓመት ሴት ልጁን በበሽታው ከተማ ትቶ ቶጎን ከፊት አድርጎ ወጣ። የረጋውን የኖርተን ሰርጥ በዐውሎ ነፋስ መካከል አቋርጦ ሴረሙን ተቀበለ፤ ደግሞም ያንኑ በረዶ አቋርጦ 91 ማይል ተሸክሞት ተመለሰ። መሄጃና መመለሻው ሲደመር ከ260 ማይል ያልፋል። ከሌሎቹ ነጂዎች ወደዚህ የተጠጋ የለም። ቶጎ ያኔ 12 ዓመት ገደማው ነበር፤ ለስሌድ ውሻ ሽማግሌ ማለት ነው።

ኖም የገባው ግን ሌላ ነጂ ነው። ጉናር ካሰን የመጨረሻውን 53 ማይል ባልቶ በሚባል ውሻ እየተመራ በፌብሩዋሪ 2 ንጋት ላይ ደረሰ። ባልቶም የሴፓላ ውሻ ነበር፤ ዕቃ የሚያመላልስ፣ የተኮላሸ፣ ሴፓላ ለመሪነት የማያስበው። ጋዜጠኛ ደግሞ የሚያየው የደረሰውን ነው። ዓመቱ ሳያልቅ ኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ ለባልቶ ሐውልት ቆመለት። ምርቃቱ ላይ ውሻው ራሱ ተገኝቶ ነበር። ሴፓላ በዚህ ነገር እስከ ዕድሜው መጨረሻ አዝኗል። ይሁንና በባልቶ አልፈርድም፤ በዚያ ጨለማ መንገዱን ያገኘው እሱ ነው፤ ሐውልት ያቆሙለት ደግሞ ሰዎች ናቸው።

የሐውልቱ ጥቅም ምን ያህል እንደሆነ ለማየት ሁለት ዓመት እንዝለል።

ካሰን ባልቶንና ጓደኞቹን ይዞ በየከተማው ትርኢት ሲያሳይ ቆየ። ዝናው ቀዘቀዘ። ሰውየው ወደ አላስካ ሲመለስ ውሾቹ ከትርኢት አዘጋጆች እጅ ቀሩ፤ ከእጅ ወደ እጅም ተሸጡ። በ1927 መጀመሪያ ጆርጅ ኪምብል የሚባል የክሊቭላንድ ነጋዴ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሰው ሳንቲም ከፍሎ ጉድ የሚያይበት አንድ የትርኢት ቤት ይገባል። እዚያ ጥግ ላይ በሰንሰለት የታሰሩ፣ የከሱና የተጎሳቆሉ ሰባት ውሾች ያያል። አንዱ ባልቶ ነበር። ሐውልቱ ኒው ዮርክ ቆሞ ሕፃናት ይወጡበታል፤ ውሻው ሎስ አንጀለስ በሰንሰለት ላይ!

ባለቤቱ 2,000 ዶላር ጠየቀ፤ የሁለት ሳምንት ጊዜም ሰጠ። ኪምብል ወደ ከተማው አስታወቀ። የክሊቭላንድ ተማሪዎች ሳንቲማቸውን አዋጡ፤ የፋብሪካ ሠራተኞች፣ ሆቴሎችና ሱቆችም አዋጡ። ገንዘቡ በዐሥር ቀን ሞላ። በማርች 19 ቀን 1927 ሰባቱ ውሾች በሰልፍ ወደ ክሊቭላንድ ገቡ፤ ብሩክሳይድ በሚባለው መካነ እንስሳም እስኪያረጁ ኖሩ። ባልቶ በ1933 በ14 ዓመቱ ሞተ።

መካነ እንስሳ ለውሻ ቤት ይሆናል ወይ? እውነቱን ለመናገር፣ ያን ያህል የሮጠ እንስሳ አጥር ውስጥ ሆኖ ሲታይ መኖሩ ደስ አይለኝም። ከሰንሰለቱ ጋር ሳነጻጽረው ግን አፌን እይዛለሁ። ደግሞም ሰባቱን አልነጣጠሏቸውም፤ ለእኔ ይህ ከገንዘቡ ይበልጣል።

በዚያው በማርች 1927፣ ከክሊቭላንድ ርቆ በሜይን ግዛት ቶጎ ለሁለተኛ ጊዜ እየተሰጠ ነበር።

ሴፓላ ባለፈው መከር ላይ ከ40 የሚበልጡ ውሾች ይዞ በአሜሪካ ከተሞች ዞሯል። ኒው ዮርክ ላይ አሙንድሰን ራሱ፣ ያ የውሾቹን ቀደምት ወላጆች ሳይወስድ የቀረው አሳሽ፣ ቶጎን የወርቅ ሜዳልያ አጠለቀለት። ከዚያ ሴፓላ ወደ ሜይን ሄዶ ተወዳደረ፤ ኤልሳቤጥ ሪከር ከምትባል ሴት ጋርም ፖላንድ ስፕሪንግ በሚባል ቦታ በሽርክና የስሌድ ውሾች ማርቢያ ጀመረ። ወደ አላስካ የሚመለስበት ቀን ሲደርስ ቶጎን እዚያው ሊተወው ወሰነ። ሽማግሌ ነው፤ የኖምን ብርድና መንገድ ከእንግዲህ አይችልም። ሴፓላ በኋላ እንደተረከው መለያየቱ ከባድ ነበር፦ ቀዝቃዛና ዳመናማ ጠዋት፤ ውሻው «እኔስ?» እንደማለት እግሩን አንሥቶ ጉልበቱ ላይ አኖረ።

በዚህኛው ጊዜ መስኮት አልሰበረም። ለምን እንደሆነ ሳስበው ዕድሜው ብቻ አይመስለኝም። የመጀመሪያዋ ሴት ቤት ነበራት። ሪከር ግን ስሌድ ትነዳለች፣ ውሻ ታረባለች፣ ማለዳ ማለዳ ግቢዋ ውስጥ ጠፍር ሲታሰር የውሾቹ ጩኸት ይሰማል። ቶጎ የሄደው ወደ ራሱ ዓለም ነበር፤ ሥራው ብቻ ነው የቀነሰለት። በዲሴምበር 1929፣ በ16 ዓመቱ፣ ሕመሙ ሲበዛበት እንዲያርፍ ተደረገ። በዚያ ግቢ የተወው ዘር ዛሬ በብዙ ሳይቤሪያን ሃስኪዎች ደም ውስጥ አለ። ባልቶ ግን ስለተኮላሸ ልጅ አልተወም፤ በ2023 ተመራማሪዎች ከተጠበቀው አካሉ ናሙና ወስደው የዘር ቅንጣቱን ሲያነቡ የሳይንስ ዓለም ወሬ ሆኖ ነበር።

«የተጠበቀው አካሉ» ያልኩት የሁለቱም ቆዳ ተሞልቶ ስለተቀመጠ ነው። ቶጎ ከሙዚየም ሙዚየም ሲዞር ቆይቶ በ1983 አላስካ ገባ፤ ዛሬ ዋሲላ ከተማ ነው ያለው። ባልቶ የክሊቭላንድ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ውስጥ ነው። በ1998 የአላስካ ተማሪዎች ተነሡና «ባልቶ ወደ አገሩ ይመለስ» አሉ፤ የግዛቲቱ ምክር ቤትም ደገፋቸው። ክሊቭላንድ እምቢ አለች። ነገሩ ገባኝ፤ የዚያች ከተማ ልጆች ናቸው በሳንቲማቸው የገዙት። በመጨረሻ ለአምስት ወር ብቻ አዋሱት፤ አንኮሬጅ ላይ ሕዝብ እየጎረፈ አየውና ወደ ክሊቭላንድ ተመለሰ።

ወዳጄ ይህን ሁሉ ሰምቶ ሲጨርስ «እሺ፣ የእኔን ውሻ ታዲያ ስሌድ ላስጎትተው?» አለኝ። ስሌድስ የለም። ሱሉልታ አካባቢ በጎች ያሉት የአጎቱ ልጅ ግን አለ፤ ቅዳሜ ይዞት ሊሄድ ነው።