ዶት አፍሪካ፦ የአንድ ስም ሙግት

የኢሉባቦር ቡና በአንድ ዘመን በአጋሰስ ተጭኖ ከጎሬ ወደ ጋምቤላ ይወርድ፣ ከዚያም በባሮ ወንዝ በእንፋሎት ጀልባ ወደ ካርቱም ይጓዝ ነበር። የጋምቤላን የንግድ ጣቢያ ይዘው የነበሩት እንግሊዞች ናቸው፤ ቦታውን ያገኙትም እ.ኤ.አ. በ1902 ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር በተፈራረሙት ውል ነው። ቡናው የእኛ ሆኖ በሩ የሌላ ነበር።

የዛሬው ንግድ በር የኢንተርኔት አድራሻ ነው። የመቱ ዩኒቨርሲቲ አድራሻ በ«ዶት ኢቲ» ያበቃል። ይህ የኢትዮጵያ መለያ እ.ኤ.አ. በ1995 ተመዘገበ፤ ዛሬ የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው። እንዲህ ያሉ መለያዎች በዓለም ላይ ለማን እንደሚሰጡ የሚወስነው ግን ካሊፎርኒያ የሚገኘው አይካን የተባለ ድርጅት ነው። ይህን ድርጅት ፊት ለፊት የሞገተች ኢትዮጵያዊት መኖሯን የሚያውቅ ወጣት ብዙ አይመስለኝም።

ሶፊያ በቀለ አዲስ አበባ ተወልደው አሜሪካ የተማሩ የቴክኖሎጂ ነጋዴ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2007 በአይካን የስሞች ፖሊሲ ምክር ቤት ውስጥ ሠርተዋል። በዚያ ቆይታቸው ከላቲን ውጭ ባሉ ፊደላት አድራሻ መጻፍ እንዲቻል ተከራክረዋል፤ ግዕዝን ለምንጽፍ ለእኛ ጉዳዩ ቅርብ ነው። ቀጥሎም ዶት ኮኔክት አፍሪካ የተባለ ድርጅት አቋቁመው ለመላው አህጉር «ዶት አፍሪካ» የሚል መለያ ለማስፈቀድ ተነሡ።

ድጋፍ ፍለጋው የተጀመረው አዲስ አበባ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን፣ በ2009 ደግሞ የአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን የድጋፍ ደብዳቤ ሰጡ። ኅብረቱ ግን በ2010 ድጋፉን አነሣ፤ ኋላም ጨረታ አወጣ፤ በመጨረሻም የደቡብ አፍሪካውን መዝጋቢ ድርጅት ደገፈ። ሶፊያ ወደ ኋላ አላሉም። በ2012 የ185 ሺህ ዶላር ማመልከቻ ክፍያ ፈጽመው ተወዳደሩ።

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2013 አይካንን የሚያማክረው የመንግሥታት ኮሚቴ ማመልከቻቸውን ተቃወመ፤ ምክንያቱን ግን አልገለጸም። የአይካን ቦርድም ምክንያቱን ሳይጠይቅ ተቀብሎ ማመልከቻውን አስቆመ። ሶፊያ ጉዳዩን ገለልተኛ ለሆነ የግልግል ጉባኤ አቀረቡ። ሦስት ዳኞች ያሉት ጉባኤ ሐምሌ 2015 ላይ ቦርዱ የራሱን መተዳደሪያ ደንብ እንደጣሰ ወሰነ፤ ማመልከቻውም እንዲቀጥል አሳሰበ። ከዚህ ሁሉ ሙግት ለእኔ ትልቁ ፍሬ ይህ ውሳኔ ነው። የዓለምን ኢንተርኔት ስሞች የሚያስተዳድር ድርጅት፣ ከአህጉራችን በተነሣች አንዲት ሴት ክስ ራሱ ባወጣው ሕግ ተለክቶ ጎደለ።

ድሉ ግን ስሙን አላስገኘም። የጂኦግራፊ ስም የጠየቀ አመልካች ከአህጉሩ መንግሥታት ቢያንስ የ60 በመቶውን ድጋፍ ማሳየት ነበረበት፤ የሶፊያ ድርጅት ይህን ፈተና በ2016 አላለፈም። በዚያው ዓመት ጉዳዩ ሎስ አንጀለስ ፍርድ ቤት ገባ፤ የፌዴራሉ ዳኛም የስሙን ርክክብ ለጊዜው አገዱ። እግዱ ሲነሣ፣ በየካቲት 2017፣ ስሙ ለደቡብ አፍሪካውያን ተሰጠ፤ ከጁላይ 4 ቀን ጀምሮም ለሁሉም ገበያ ላይ ዋለ። ፍርድ ቤቱ በ2019 ለአይካን ፈረደ። ምክንያቱም የሶፊያ ድርጅት በግልግሉ ጊዜ «ፍርድ ቤት መክሰስ አንችልም» ብሎ ተከራክሮ፣ ኋላ መክሰሱ ነበር። ይግባኙም በ2021 ውድቅ ሆነ።

መንግሥታት የወከሉት ድርጅት ስሙን መያዙን የሚደግፉ ሰዎች ሐሳብ ቀላል አይደለም፤ የአህጉር ስም የአህጉሩ ሕዝብ ሀብት ነውና። ሆኖም አንድን አመልካች ምክንያት ሳይነግሩ ማሰናበት ፍትሕ አይደለም፤ ሶፊያም ይህን በማስረዳታቸው ትክክል ነበሩ።

በመቱ፣ በጎሬና በበደሌ ቡናና ማር የምትሸጡ ወጣቶች ሆይ፣ በሩ ዳግም የሌላ እንዳይሆን ገበያችሁ በፌስቡክና በቴሌግራም ገጽ ላይ ብቻ አይንጠልጠል። ገጹ በኩባንያዎቹ ፈቃድ ሊዘጋ ይችላል። የንግድ ስማችሁን በራሳችሁ አድራሻ ዛሬውኑ አስመዝግቡ።