ካሜዮ፣ ጠገራ ብር እና የአያቶቻችን እጅ

ዛሬም የማወራችሁ ከሐደራ፣ ከናሕሊኤል ሰፈር ነው። መስኮቱን ከፍቼዋለሁ፤ የልጆች ጩኸት ጣልቃ ከገባ ይቅርታ አድርጉልኝ። የዛሬው ርእሳችን ጌጣጌጥ ነው። «የታሪክ ፕሮግራም አይደል እንዴ?» የምትሉ አትጠፉም። ታሪክ ነው፤ ትንሽ ብቻ ታገሡኝ። የምጠራቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የጀመረው በታናሽ እህቴ ነው። ልታገባ ሦስት ወር ሲቀራት ያፎ፣ ሹክ ሃፒሽፒሺም፣ የአሮጌ ዕቃ ገበያው ውስጥ ወስዳ አንድ የወርቅ ብሮሽ አሳየችኝ። መካከሉ ላይ ነጭ የሴት ፊት በጎን ተቀርጿል፤ መደቡ ቡናማ ነው፣ ዙሪያው ወርቅ። ካሜዮ ይባላል። «ሁሉም ሙሽራ አዲስ ነገር ታደርጋለች፤ እኔ ታሪክ ያለው ነገር ነው የምፈልገው» አለችኝ። ዋጋው ግን ከአቅማችን በላይ ነበር። ያኔ ከቦርሳዋ በመሀረብ የተቋጠረ ነገር አወጣች። የእምዬ፣ የአያታችን ጠገራ ብር! ጆሮ ተበጅቶለት አንገት ላይ የሚንጠለጠለው። «እማ ፈቅዳለች፤ ይኼን ሰጥተን ልዩነቱን እንክፈል» አለች።

ሻጩ ሚዛን ላይ አስቀመጠው። 30 ግራም ግድም። «ብር ነው፤ በግራም ነው የምገዛው» አለና ቁጥር ጠራ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እሺ ልለው ትንሽ ነበር የቀረኝ። ጠገራውን ከሚዛኑ አንስቼ ከብሮሹ ጎን ሳስቀምጠው ግን ሁለቱም አንድ ነገር ሆኑብኝ። ሁለቱም ላይ በጎን የምትታይ፣ ከመደቧ ጎልታ የወጣች ሴት አለች። አንዷ በወርቅ ተከባ ብዙ ሺህ ሼኬል ታወጣለች፤ አንዷ በግራም ትመዘናለች። «ነገ እንመለሳለን» ብዬ እህቴን ይዤ ወጣሁ።

እስኪ መጀመሪያ ካሜዮ ምን እንደሆነ እንየው። ካሜዮ ሁለት ቀለም ንብርብር ባለው ድንጋይ ወይም በባሕር ዛጎል ላይ ይሠራል። ቀራጩ የላይኛውን ነጭ ንብርብር ምስሉ ብቻ እስኪቀር ድረስ ይፍቀዋል፤ የታችኛው ጠቆር ያለው ንብርብር መደብ ይሆናል። የዚህ ተቃራኒ ወደ ውስጥ የሚቆፈረው፣ የማኅተም ቀለበት ዓይነት ነው። ይኼኛውን ከኦሪት ታውቁታላችሁ። ዘፀአት ምዕራፍ 28 ላይ በካህኑ ልብስ ትከሻ ላይ የሚቀመጡት ሁለት ድንጋዮች የእስራኤል ልጆች ስም የተቀረጸባቸው እንደ ማኅተም ነው። ድንጋይ ላይ መቅረጽ ለእኛ የባዕድ ጥበብ አይደለም ማለት ነው።

ግሪኮችና ሮማውያን በድንጋይ ካሜዮ በጣም የታወቁ ነበሩ። ከሁሉ ዝነኛ ከሆኑት አንዱ፣ የአውግስጦስ ቄሳርን ክብር የሚያሳየው የኦኒክስ ድንጋይ፣ ዛሬ ቪየና ሙዚየም ውስጥ ነው። ቪየናን ያዙልኝ፣ እንመለስበታለን። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓውያን ኢጣሊያን መጎብኘት ሲያዘወትሩ ሁሉም ማስታወሻ ይዞ መመለስ ፈለገ። ድንጋይ ውድ ነው፣ ለመቅረጽም ጊዜ ይፈጃል፤ ስለዚህ በዛጎል መሥራት ተስፋፋ። ከኔፕልስ አጠገብ፣ ከቬሱቪየስ ተራራ ሥር ያለችው ቶሬ ዴል ግሬኮ የምትባል ከተማ እስከ ዛሬ በዚህ ሥራ ነው የምትታወቀው። ንግሥት ቪክቶሪያም ካሜዮ ስለምትወድ እንግሊዝ አገር ፋሽን ሆነ። አንድ የገረመኝን ልንገራችሁ፦ ለካሜዮ ከሚፈለጉት ዛጎሎች አንዱ የሚመጣው ከምሥራቅ አፍሪካ የባሕር ዳርቻ ነው። እህቴ «የአውሮፓ አንቲካ» ብላ የወደደችው ዕቃ ጥሬው የእኛ ሰፈር ሊሆን ይችላል!

ለመግዛት የምታስቡ ካላችሁ የተማርኩትን ላካፍላችሁ። አንደኛ፣ ወደ ብርሃን አንሱት። እውነተኛ ዛጎል ብርሃን ያሳልፋል፤ ጀርባውም ብዙ ጊዜ ትንሽ ጎድጎድ ይላል። ሁለተኛ፣ በማጉያ መነጽር እዩት። በእጅ የተቀረጸ ከሆነ የመሣሪያው ጭረት ይታያል፤ በቅርጽ የፈሰሰ ፕላስቲክ ከሆነ ጠርዙ ሁሉ ልስልስ ነው፣ አንዳንዴም የአየር አረፋ ይኖረዋል። ፊቱ ለብቻ ተሠርቶ በሙጫ የተለጠፈ ከሆነ ደግሞ መጋጠሚያው ላይ መስመር ታያላችሁ። ሦስተኛ፣ የወርቁን ቁጥር አንብቡ። 375 ማለት 9 ካራት፣ 585 ማለት 14፣ 750 ማለት 18፣ 875 ማለት 21 ነው። እንግሊዝ አገር 9 ካራት በሕግ የተፈቀደው በ1854 ነው፤ 15 ካራት ደግሞ በ1932 ቀርቷል። ስለዚህ 15 የሚል ማኅተም ያለበት የእንግሊዝ ጌጥ ካገኛችሁ በእነዚህ ዓመቶች መካከል የተሠራ ነው። አራተኛ፣ መርፌውን እዩ። በቀላል ጥምዝ ሽቦ የሚያዝ ከሆነ ዕድሜ ሊኖረው ይችላል፤ የሚሽከረከር መቆለፊያ ካለው ወይ 20ኛው ክፍለ ዘመን ነው፣ ወይ በኋላ ተቀይሯል።

አሁን ወደ ጠገራችን እንምጣ። ጠገራ ብር ላይ ያለችው ሴት የኦስትሪያዋ ማሪያ ቴሬዛ ናት። የሞተችው በ1780 ነው። ከዚያ በኋላ የተመቱት ጠገራዎች በሙሉ፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን የተመቱት ሳይቀሩ፣ 1780 ነው የሚሉት። ክብደቱ 28 ግራም ከትንሽ ነው፤ ከዚህ ውስጥ 23 ግራም ከትንሹ ንጹሕ ብር ነው። ሴትየዋ ራሷን የተከናነበችው ባሏ በ1765 ስለሞተ ነው፤ የመበለት ሻሽ ነው። ትከሻዋ ላይ ብሮሽ አለ። አዎ፣ ብሮሽ! የእኛ አገር ነጋዴዎች ጠገራ ሲቀበሉ ይኼን ብሮሽና የራስ ጌጧን በጥንቃቄ ያዩ ነበር፤ የዕንቁዎቹ ነጠብጣብ ከጠፋ፣ ፊቷ ካለቀ፣ «አልቀበልም» ነው። በማጉያ መነጽር ፈንታ በአውራ ጣት።

አጼ ምኒልክ በ1894 የራሳቸውን ብር ፓሪስ አስመትተው ነበር፤ ሕዝቡ ግን ከጠገራው አልተላቀቀም። ሙሶሊኒ በ1935 አገራችንን ሊወርር ሲሰናዳ መምቻውን ከኦስትሪያ ወስዶ ሮም ላይ ጠገራ መምታት ጀመረ። እንግሊዞችም በ1936 ለንደን ላይ ማስመታት ጀመሩ። ጠገራው በኢትዮጵያ መገበያያነቱ የቀረው በ1945 አዲሱ ገንዘብ ከወጣ በኋላ ነው።

ገንዘብም ጌጥም ነበር። ሙሽራ ለማስጌጥ የፈለገ ሰው ጠገራዎቹን ይዞ አንጥረኛ ዘንድ ይሄዳል፤ አንጥረኛው አቅልጦ ድሪ፣ አምባር፣ አልቦ፣ ጉትቻ ያወጣለታል። ወይም ደግሞ ሳይቀልጥ ጆሮ ተበጅቶለት አንገት ላይ ይውላል፣ እንደ እምዬ።

አሁን የሚያም ነገር ልናገር ነው። አንጥረኛው ማን ነበር? በጎንደርና በአካባቢው ከሆነ ብዙ ጊዜ የእኛ ሰው ነበር። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከአጼ ይስሐቅ ዘመን ጀምሮ ቤተ እስራኤል የርስት መሬቱን እያጣ መጣ። መሬት የሌለው ሰው በእጁ ይበላል። ወንዶቹ ብረት ቀጠቀጡ፣ ሸመኑ፣ የጎንደርን ግንቦች በግንበኝነት ሠሩ፤ ከመካከላቸውም ብርና ወርቅ የሚሠሩ ነበሩ። ሴቶቹ ሸክላ ሠሩ። ገበሬው ማረሻውንም ማጭዱንም ከእኛ ይገዛል፤ ማታ ደግሞ «ቡዳ ናቸው፣ ጅብ ይሆናሉ» ይላል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ኢትዮጵያ ውስጥ ለዓመታት የኖረው እንግሊዛዊ ናትናኤል ፒርስ፣ በ1831 በታተመው መጽሐፉ፣ ጆሯቸው ላይ ጉትቻ ያለ ጅቦች ታይተዋል እንደሚባል ጽፏል። ሰው ይኼን ማስረጃ ያደርገው ነበር፦ ጉትቻ የሚሠራው እሱ፣ ጉትቻ ያደረገው ጅብም እሱ! እስኪ አስቡት፣ ለልጅህ ሠርግ ጌጥ የሠራልህን ሰው በዚያው ጌጥ ስትከስሰው።

ያን ዕለት ማታ እምዬ ጋ ሄድኩ። ጠገራውን መዳፏ ላይ አስቀምጬ «እምዬ፣ ይኼን ጆሮ የበጀለት ማነው?» አልኳት። ዝም አለች። ቡናዋን ጨረሰች። ከዚያ «ወንድሜ» አለች። «ወንድምሽ ገበሬ አልነበረም እንዴ?» አልኳት፤ ቤታችን ውስጥ ሁልጊዜ ሲነገረን የኖረው ይኸው ነበር። «ገበሬም ነበር» አለች። «አባቴም ወንድሜም ቀጥቃጭ ነበሩ። ያንን ቃል እናንተ ላይ እንዲመጣ አልፈለግሁም።»

በዚህ ዕድሜዬ ከብረትና ከብር ሠሪዎች እንደተወለድኩ የሰማሁት ያኔ ነው። ስድቡ ይዟት መጥቶ፣ እዚህ አገር ድረስ አፏን ዘግቶት ነበር። ከዚያ ቀጠለች። በ1984 ከመንደር ሲወጡ ሦስት ጠገራ በቀሚሷ ጠርዝ ሰፍታ ነበር። አንዱ በመንገድ በውሃ ተለወጠ፤ አንዱ ሱዳን ካምፕ ውስጥ በዱቄት። ሦስተኛውን የታመመ ልጇን ለማሳከም ልትሰጠው ስትል ልጁ ሞተ። «ስለዚህ ተረፈ» አለች። ሌላ ምንም አልጨመረች። በሱዳን መንገድና ካምፖች ወደ 4,000 የሚጠጉ ወገኖቻችን እንደሞቱ ታውቃላችሁ፤ ኢየሩሳሌም፣ ሄርጽል ተራራ ላይ መታሰቢያ አላቸው። እኔ ቁጥሩን ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ጠገራው ለምን እንደተረፈ ግን ጠይቄ አላውቅም ነበር።

የታሪኩ ሌላ ግማሽ ደግሞ እዚሁ ናሕሊኤል ነው። ይኼን ሰፈር የጀመሩት እኛ ሳንሆን የየመን አይሁዶች ናቸው፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ። በየመን የብርና የወርቅ ሥራው በአመዛኙ በአይሁዶች እጅ ነበር። ጠገራ ብር እዚያም ገንዘብ ነበር፣ እስከ 1960ዎቹ ድረስ፤ የየመን አይሁዳዊ አንጥረኛም ያችኑ ማሪያ ቴሬዛን እያቀለጠ ነው የሙሽራ ጌጥ የሚሠራው። እዚህ ሲመጡ ግን ሙያቸው ክብር አገኘ። ኢየሩሳሌም ውስጥ በ1906 የተከፈተው የቤጻልኤል ትምህርት ቤት የየመን አንጥረኞችን አሠራ፤ የሽቦ ጥልፍ ሥራቸው ዛሬ በየሙዚየሙ አለ። ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት የየመን አዛውንት ጠገራውን ባሳየኋቸው ጊዜ ሳይጠይቁኝ በአውራ ጣታቸው ብሮሹን ዳሰሱት። ልክ እንደ እምዬ።

አንድ ምፀት ልጨምር። ማሪያ ቴሬዛ አይሁድ አትወድም ነበር። በ1744 የፕራግ አይሁዶች እንዲባረሩ አዘዘች፤ እንዲመለሱ የተፈቀደላቸው በ1748 ነው፣ ለዚያውም ግብር እየከፈሉ። የጠገራው ጠርዝ ላይ በላቲን የተጻፈው ግን መሪ ቃሏ ነው፦ ፍትሕና ምሕረት። ያባረረቻቸው ሰዎች ወገኖች፣ አንዱ በሰንዓ አንዱ በጎንደር፣ ፊቷን አቅልጠው ለሴት ልጆቻቸው አምባር አደረጉት። እኔ ይኼን ሳስብ ሳቅ ይመጣብኛል፤ እምዬም ስነግራት ሳቀች።

እህቴስ? ሁሉንም ነገርኳት። ትንሽ አለቀሰች፤ ከዚያ ተናደደችብኝ፣ «ቀድመህ ለምን አልጠየቅህም?» ብላ። እውነቷን ነው። ካሜዮውን ከሠርጉ በኋላ በራሷ ደሞዝ ገዛችው፤ ሌላ ሱቅ፣ አነስ ያለ፣ ባለ 585 ወርቅ፣ እውነተኛ ዛጎል። ያምርባታል። ለሠርጓ ግን ጠገራውን ነው ያደረገችው፤ ገመዱን ያሰረችላት እምዬ ናት። አንድ አክስታችን «ይኼ አሮጌ ብር ምንድነው?» ስትል እምዬ በሰው ሁሉ ፊት «የወንድሜ እጅ ሥራ ነው፤ አንጥረኛ ነበር» አለች። ጮክ ብላ።

እንግዲህ ልጆች፣ ጌጥ አትሽጡ አልላችሁም። ችግር ይመጣል፣ የቤት ኪራይም አለ፤ እምዬም ሁለቱን ሰጥታ ነው ነፍስ ያተረፈችው። የግራም ዋጋ የማቅለጫ ዋጋ መሆኑን ግን እወቁ። ከመሸጣችሁ በፊት በስልካችሁ ፊቱንም ጀርባውንም ጠርዙንም አንሱት። ከዚያ ወደ እናታችሁ፣ ወደ አያታችሁ ሂዱና ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፦ ማን ሠራው? ማን አደረገው? ከእሱ ጋር የነበሩት ሌሎቹ የት ቀሩ? ሦስተኛውን ስትጠይቁ ቀስ ብላችሁ። መልሱ ቶሎ ላይመጣ ይችላል፤ ቡናውን ጠብቁ።

የቤታችሁን ጌጥ ታሪክ በድምፅ ቀድታችሁ ላኩልን፤ ባለቤቶቹ ከፈቀዱ በሚቀጥለው ክፍል እናሰማዋለን። እስከዚያው ሻባት ሻሎም፣ ደኅና ሰንብቱ።