ባለቤቷ በሌለችበት የተያዘው ቤት

እንግዲህ ስሙኝ። የምነግራችሁ ሴት አንድ ሰው አይደለችም፤ ከቤይሩት፣ ከሪያድ፣ ከዱባይ የተመለሱ የብዙ እህቶቻችንን ዕጣ ይዛለች። ስለዚህ ስም አላወጣላትም።

ዓረብ አገር በሰው ቤት እየሠራች በላከችው ገንዘብ አዲስ አበባ ዳር ሁለት ክፍል ቤት አቆመች። ካርታው በስሟ ወጣ። በሩን ቆልፋ ቁልፉን ለአክስቷ ሰጠችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። አክስቷ ታመሙ፤ ልጆቻቸው ወደ ገጠር ወሰዷቸው። ቤቱን ዞር ብሎ የሚያይ ሲጠፋ አንድ ሰው ቁልፉን ሰብሮ ገባ፤ ሚስቱንና ልጆቹን አመጣ፤ መጋረጃ ሰቀለ።

መጥታ ብታንኳኳ የማታውቀው ሰው ከፈተላት። «ማንን ፈልገሽ ነው?» አላት። በገዛ ደጇ!

ወንድሞቿ ደማቸው ፈላ። «ዛሬውኑ በሩን ገንጥለን ዕቃውን አስፋልት ላይ ነው የምንጥለው» አሉ። በሰፈሩ ጡረታ የወጡ ዳኛ ነበሩና አስጠሯቸው።

«ልጆቼ፣ ተዉ» አሉ ሽማግሌው። «በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1148 ባለይዞታ ነጣቂን በጉልበት እንዲከላከል ይፈቅዳል። እጅ ከፍንጅ ከያዘው ወይም ሲሸሽ ከደረሰበት የተወሰደበትን ማስጣል ይችላል። ይህ ሰውዬ ግን ጎጆ ወጥቶ ተቀምጧል። አሁን በሩን ብትገነጥሉ ተከሳሾቹ እናንተ ናችሁ።»

«ጋሼ፣ ቤቱ የእህታችን አይደለም እንዴ?»

«ነው። ግን መቼ ነው የገባው?»

ማንም አላወቀም። ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው በዚህች ጥያቄ ላይ ነበር። ይዞታውን የተነጠቀ ሰው ይመለስልኝ ብሎ የሚከስሰው በ2 ዓመት ውስጥ ነው፤ ቁጥር 1149 እንዲህ ይላል። ሰፈሩ «ሁከት ይወገድልኝ» የሚለው ክስ ይህ ነው። ፍርድ ቤቱ በዚህ ክስ የሚጠይቀው ማን ይዞት እንደነበረና ማን እንደነጠቀው ነው። ገቢው ሰው የሚድነው መብቱን እዚያው፣ በማያጠራጥር ማስረጃ ካሳየ ብቻ ነው።

ይህን ሕግ ለወራሪ ያደላል የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ሥራ ውሎ ሲመጣ አከራዩ ቆርቆሮውን ገፍፎ የጠበቀው ተከራይም የሚጠለለው በዚሁ ሕግ ነው። ባይኖር ቤቱ ብዙ ወንድም ላለው ይሆን ነበር።

2 ዓመቱ ካለፈስ? ያኔ በቁጥር 1206 የባለቤትነት ክስ ይቀራል፤ ካርታዋ ይረዳታል፤ ክርክሩ ግን ይረዝማል። ዳኛው «ግብሩንስ ማን ይከፍላል?» ብለው የጠየቁትም ለዋዛ አልነበረም። ሕጉ በቁጥር 1168፣ 15 ዓመት ሳያቋርጥ የባለቤትነት ግብር የከፈለ ባለይዞታ ባለቤት እንዲሆን በር ይከፍታል። ደግነቱ እሷ በየዓመቱ በወንድሟ በኩል ትከፍል ነበር፤ ደረሰኞቹም ተቀምጠዋል።

የገባበትን ጊዜ ያስታወሱት ቡና የሚያጣጡ ጎረቤት ናቸው። «አምና፣ ፍልሰታ ሲያዝ ነው፤ ዕቃውን በጋሪ ሲያወርድ አይቻለሁ» አሉ። 2 ዓመት አልሞላም!

የሥራ ውሏ ስላላለቀ ለወንድሟ ልዩ ውክልና ሰጠችው፤ በሰው ስም ለመክሰስ ጠቅላላ ውክልና አይበቃምና። ክሱ ተከፈተ፤ ጎረቤቷም መሰከሩ። ልቀቅ ተብሎ ተፈረደ። እሱ ግን አልለቀቀም። ፍርድ በእጅ መያዝና ቤት መግባት አንድ የሚመስላቸው እዚህ ላይ ይደክማሉ፤ አፈጻጸም ሌላ መዝገብ ነው፤ ሌላ ቀጠሮ ነው። በመጨረሻ የፍርድ ቤቱ ትእዛዝ በፖሊስ ተፈጸመ።

ልጆቹ ደብተራቸውን አቅፈው ሲወጡ ሰፈሩ አዘነ፤ ማዘኑም ተገቢ ነው። የቤት ኪራይ አባታቸውን ከአቅሙ በላይ አስጨንቆት ነበር። ግን መክፈል ያለባት በሰው አገር ወለል ስትወለውል የኖረች ሴት አይደለችም።

ወንድሟ ቤቱን አጸዳ፤ በጽሑፍ ውልም አከራየው።