ለተጎዳ ልጅ፣ ነገም የሚመጣ መምህር

በጦርነት ስለተጎዱ ልጆች በተነሣ ቁጥር «የሥነ ጥበብ ሕክምና» የሚባል ነገር ይሰማል። ወረቀትና ቀለም ይታደላል፣ ልጆቹ ይሥላሉ፣ ፎቶ ይነሣሉ፣ መኪናው ይሄዳል። በማግስቱ ልጁ እዚያው መጠለያው ውስጥ ነው፤ ሥዕሉ ደግሞ የሆነ ሪፖርት ገጽ ላይ። ይህ ሕክምና ነው ወይ? ታሪኩን ወደ ኋላ ሄደን ካየነው መልሱ ይገኛል። ከመልሱ ግማሹ ደግሞ እዚሁ ጎጃም ነው ያለው።

ጥያቄው አሁን የሚነሣበት ምክንያት አለው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ የአማራ ክልል ጦርነት ውስጥ ነው። በ2017 የትምህርት ዘመን ከ4 ሚሊዮን በላይ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ መሆናቸውን የክልሉ ትምህርት ቢሮ ራሱ ተናግሯል። ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም እስከ ደጋ ዳሞቷ ፈረስ ቤት ድረስ፣ የመሣሪያን ድምፅ ለይቶ የሚያውቅ፣ ፊደል ግን ያልቆጠረ ልጅ እያደገ ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጁ የሚያጣው ሒሳብና ሳይንስ ብቻ አይደለም። በየቀኑ ስሙን የሚጠራ፣ «የትናንቱን ሥራህን አሳየኝ» የሚለው ሰውም ያጣል።

«አርት ቴራፒ» የሚለውን ስያሜ እ.ኤ.አ. በ1942 ያወጣው እንግሊዛዊው ሠዓሊ አድሪያን ሂል ነው። ሳንባ ነቀርሳ ይዞት ሆስፒታል በተኛበት ጊዜ መሣል ሕመሙን እንዳቀለለለት አየ፤ ለሌሎች ሕሙማንም ያስተምር ጀመር። ስያሜው በወጣበት በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ ናዚዎች ፍሪድል ዲከር ብራንዳይስ የተባለችውን አይሁዳዊት ሠዓሊ ቴሬዚን ወደሚባለው የቼክ ከተማ ወስደው አጎሯት። ታሳሪው ይዞት የሚገባው ጓዝ በኪሎ የተወሰነ ነበር። እሷ ግን ከጓዟ መካከል ለወረቀትና ለቀለም ቦታ አበጀች።

እዚያ ከወላጆቻቸው ተለይተው በየክፍሉ ለተጨናነቁ ልጆች ሥዕል አስተማረች። ሥራዋ የምር ትምህርት ነበር፤ ስለ መስመር፣ ስለ ቀለም፣ ስለ ምት ታስተምራለች። በየሥዕሉም ላይ ስማቸውን እንዲጽፉ ታደርጋለች። ሰው በማጓጓዣ ቁጥር በሚመዘገብበት ቦታ፣ የገዛ ስምን በገዛ ሥራ ላይ መጻፍ ቀላል ነገር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1944 እሷም ወደ አውሽቪትዝ ተወስዳ ተገደለች። ከተማሪዎቿም አብዛኞቹ ተገደሉ። ወደ 4,500 የሚጠጉ ሥዕሎች ግን በሁለት ሻንጣ ተደብቀው ተረፉ፤ ዛሬ ፕራግ በሚገኘው የአይሁድ ሙዚየም ይገኛሉ። ከመታሰሯ በፊት ያስተማረቻት ኢዲት ክሬመር ደግሞ ወደ ኒው ዮርክ ተሰድዳ ሙያውን ከመሠረቱት ሰዎች አንዷ ሆነች።

ሥዕል እነዚያን ልጆች ከሞት አላዳናቸውም። ይህን ሳንሸፋፍን እንናገር። የሆነላቸው ነገር ቢኖር፣ እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ ተማሪ ሆነው መቆየታቸው ነው።

አሁን ወደ ራሳችን አገር እንምጣ። የአብነት ትምህርት ቤትን ሕክምና ብሎ የጠራው የለም፤ ዓላማውም የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ማፍራት ነው። ነገር ግን በሩን ሲያንኳኳ የኖረው ማን እንደሆነ እንመልከት። ወላጅ የሞተበት አለ፣ ዓይነ ስውር አለ፣ ቤተሰቡ ሊያበላው ያልቻለ አለ፣ በስለት የተሰጠም አለ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ በዛብህን የወለዱት ማንኩሳ ላይ ነው፤ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል ባለችው ማንኩሳ። በዛብህ ወላጆቹ ለቤተ ክርስቲያን የተሳሉት ልጅ ነው። ደራሲው ራሳቸው በጎጃም ቅኔ ስለተማሩ ያንን ሕይወት ከውስጥ ያውቁታል።

የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከየደጁ ውሻ ጋር እየታገለ ቁራሽ ይለምናል። ይህ የቀኑ አንዱ ክፍል ነው። ሌላው ክፍል ግን ከሰው ገለል ብሎ ቅኔ የሚቆጥርበት ነው። የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ያርመዋል፣ ያቃናለታል። ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ እስከ መወድስ ይወጣል። የትናንቱን ለዛሬ መድገም ነውር ነው፤ በየጊዜው አዲስ ይጠበቅበታል። ጠዋት «እግዜር ይስጥህ» ተብሎ ከደጅ የተመለሰው ልጅ፣ ቅኔው ከሰመረ በጉባኤው መካከል «ይበል!» ይባልለታል።

ሰምና ወርቅ ሌላም ጥቅም አለው። ተማሪው ኀዘኑን ፊት ለፊት እንዲያወራ ማንም አያስገድደውም። ስለ ተቆረጠ ዛፍ፣ ስለ ደረቀ ምንጭ ይቀኛል። ሰሙ ይሸፍንለታል፣ ወርቁ ያወጣለታል። የዛሬ ባለሙያዎች ልጅ ስለ ራሱ መናገር ሲከብደው በሣለው አንበሳ ወይም በአሻንጉሊት በኩል እንዲናገር የሚያደርጉት ለዚሁ ነው። የእኛ ሊቃውንት ይህን መንገድ ለዘመናት ሄደውበታል።

ቅኔ ቤት ግን ገነት አልነበረም። ረሀቡ፣ ወረርሽኙና አለንጋው የታወቀ ነው። ሴት ልጅም በሩ ተዘግቶባት ኖራለች። ለዚህም ነው የጎጃሟ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ታሪክ የሚያስደንቀው። የቅኔ መምህር ልጅ ናቸው፤ የዓይን ብርሃናቸውን ያጡት በልጅነታቸው ነው። በዚያ ዘመን ዓይነ ስውር የሆነች የገጠር ልጅ ዕጣዋ ጓዳ መቀመጥ ነበር። እሳቸው ግን ከአባታቸው ቅኔ ተምረው የቅኔ መምህርት ሆኑ፤ ወንዶቹን ሁሉ አስቀኙ። እንዲህ የሆነው ብዙዎች የተዘጋባቸውን በር አንድ ሰው፣ አባታቸው፣ ስለከፈተላቸው ነው። በሩ የተዘጋባቸው ስንት ገላነሾች እንደነበሩ ማሰብ ነው።

ሦስተኛው ታሪክ የአዲስ አበባ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 እንግሊዛዊው የዳንስ አዘጋጅ ሮይስተን ማልዱም ከ100 በላይ የጎዳና ልጆችን ይዞ የካርል ኦርፍን «ካርሚና ቡራና» በመድረክ አቀረበ። ታሪኩ እዚያ ቢያበቃ ኖሮ አንድ ምሽት ጭብጨባ ሆኖ ይቀር ነበር። አላበቃም። 18 ወጣቶች ለ5 ዓመት በዳንስ ሙያ ሠለጠኑና «አዱኛ» የሚባለው ቡድን ቆመ። እነሱም በተራቸው ሌሎች ልጆችንና አካል ጉዳተኞችን አስተማሩ። ከመካከላቸው ጁነይድ ጀማል ሰንዲ እ.ኤ.አ. በ2004 በሮሌክስ የከያኒያን መርሐ ግብር ተመርጦ ከጃፓናዊው ሳቡሮ ተሺጋዋራ ጋር ሠርቷል። ማልዱም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2003 በርሊን ላይ 250 ልጆችን ከዝነኛው የበርሊን ፊልሃርሞኒክ ጋር አሠራ፤ ስለዚያ ሥራ የተሠራው ፊልም ዓለምን ዞረ። የጀርመን ጋዜጦች ካደነቁት ከዚያ ሥራ በፊት የአዲስ አበባ የጎዳና ልጆች ነበሩ።

ቴሬዚን፣ ጎጃምና አዲስ አበባ በዘመንም በሃይማኖትም አይገናኙም። የሚያመሳስላቸው ግን ጉልህ ነው። በሦስቱም ቦታ ልጁ የሚታዘንለት ሳይሆን የሚማር ነበር። መምህሩ ሙያውን ያውቃል፣ ነገም ይመጣል፣ ሥራውን ያርማል። ሥራውም የልጁ የራሱ ነው።

ይህ ለፈረስ ቤት ምን ይላል? መነሻው ከሌላ አገር የሚመጣ ባለሙያ አይመስለኝም። ክፍሉ የተዘጋበት የሥዕልና የአማርኛ መምህር አለ። የኔታ አሉ። ስንደዶና አለላ ይዘው ስፌት የሚያስተምሩ እናቶች አሉ፤ ለሴት ልጅ ስፌት ቀለምም፣ ስሌትም፣ ዜማም ያለበት ጥበብ ነው። ጎድሎ ያለው ለእነዚህ ሰዎች ትንሽ ድጎማ፣ በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ ያለ ሥጋት የሚገናኙበት ቦታና ከጤና ጣቢያ ጋር የሚያገናኛቸው ሰው ነው። እንቅልፍ ያጣ፣ መናገር ያቆመ፣ ራሱን ሊጎዳ የሚሞክር ልጅ የሕክምና ባለሙያ ያስፈልገዋል፤ ወረቀትና ቀለም ብቻውን አይበቃውም።

ሌላም ማስጠንቀቂያ አለ። ልጅን «ያየኸውን ጦርነት ሣል» ብሎ ማዘዝ ቁስል መነካካት ነው። ጎረቤት ጎረቤቱን በሚጠረጥርበት አካባቢ ደግሞ የልጅ ሥዕል ማስረጃ ተደርጎ ሊታይ ይችላል፤ ማን መጣ፣ ምን ለብሶ ነበር፣ የማን ቤት ተቃጠለ የሚል። ስለዚህ ከነስሙ በፌስቡክና በቴሌግራም የሚለቀቅ ሥዕል ልጁንም ቤተሰቡንም አደጋ ላይ ይጥላል። የቴሬዚን ሥዕሎች ከነስማቸው የተረፉት ተደብቀው ነው።

እንግዲህ በየመጠለያው «ለልጆች የሥነ ጥበብ ሕክምና ሰጠን» የሚል ዜና ስታዩ፣ ስንት ልጅ እንደተሳተፈ ከመጠየቃችሁ በፊት ይህን ጠይቁ፦ መምህሩ በሚቀጥለው ሳምንትም ይመጣል ወይ?